ከሐይቅ እስከ ህንድ፦ ወፎችና የንጽሕና ምልክትነታቸው

በደሴ ሰኞ ገበያም ሆነ በኮምቦልቻ ገበያ ዶሮ ሊገዛ የመጣ ሰው ሁሉ የሚመረምረው ክብደቱን ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ቢኖር የወሎን ገበያ አያውቅም ማለት ነው። እርግጥ አብዛኛው ገዥ የሚገዛው ለድስቱ ነው፤ ደረቱን ዳብሶ፣ እግሩን አንሥቶ፣ ዋጋ ተከራክሮ ይሄዳል። ነገር ግን ከመካከላቸው ሥጋውን ትቶ ላባውን የሚያይ አይጠፋም። «ገብስማ አለህ?»፣ «ወሰራ ነበር የምፈልገው»፣ «ነጠብጣብ የሌለበት ቀይ» እያለ ከረድፍ ረድፍ ይዞራል። ሻጩም ይህን ዓይነቱን ገዥ ከሩቅ ይለየዋል፤ ዋጋውንም እንደዚያው ያደርገዋል።

የላባ ቀለም ይህን ያህል የሚያስጨንቀው ለምንድን ነው? ወፍ የሚባለው ፍጡር ከንጽሕናና ከርኩሰት ጋር እንዲህ የተቆራኘው ከወዴት መጥቶ ነው? ጥያቄው የደሴና የኮምቦልቻ ብቻ አይደለም። ይህን ሐሳብ አስፍተውና አጥልቀው ከሠሩት ሕዝቦች መካከል ህንዶች በግንባር ቀደምትነት ይቆጠራሉ። የህንድ ዕቃም፣ የህንድ ተረትም፣ ኋላ እንደምናየው ከዚያው ከእስያ ወገን የመጣ ወፍም ወደ እኛ ተራሮች መንገድ አላጡም። ስለዚህ ከገበያው ተነሥተን ራቅ ብለን ከሄድን በኋላ ተመልሰን እዚያው ገበያ ብንገባ ነገሩ ይበልጥ ይገለጥልናል።

በሂንዱ እምነት ዘንድ የንጽሕና ወፍ ሲባል ከሁሉ በፊት የሚጠቀሰው ሐንሳ ነው። (በሳንስክሪት «ሐምሳ» እየተባለም ይጠራል፤ በእኛ ጆሮ ግን ቁጥር መስሎ ስለሚሰማ ሁለተኛውን አጠራር መርጠናል።) ወፉ የዝይ ወገን ነው፤ የሂማልያን ተራሮች ተሻግሮ የሚፈልሰው፣ ራሱ ላይ ጥቁር መስመሮች ያሉበት ዝይ ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው። የኋላ ዘመን ሠዓልያን ግን አንገቱን አስረዝመው፣ ላባውን አንጥተው፣ ከዝይነት ወደ ሌላ ውበት አሸጋግረውታል። ስለ ሐንሳ የሚነገረው ታላቁ ነገር ወተትና ውሃ ተቀላቅለው ቢቀርቡለት ውሃውን ትቶ ወተቱን ብቻ ለይቶ ይጠጣል መባሉ ነው። ከዚህም የተነሣ ሐንሳ እውነትን ከሐሰት፣ ዘላለማዊውን ከአላፊው የሚለይ አእምሮ ምልክት ሆነ። በውሃ ላይ ሲኖር ላባው አለመራሱ ደግሞ በዓለም ውስጥ እየኖረ በዓለም ያልተያዘውን መናኝ ያስታውሳል፤ ስለዚህም ከፍ ካለ ደረጃ ደረሰ የተባለ መናኝ «ፓራማሐንሳ»፣ ማለትም ታላቁ ሐንሳ፣ የሚል ማዕረግ ይሰጠዋል። ከዚህም አልፈው የትንፋሽን መውጣትና መግባት የዚህ ወፍ ስም ድምፅ ነው ያሉ አሉ፤ ሰው በተነፈሰ ቁጥር ሳያውቀው የነፍሱን ወፍ ይጠራል ማለታቸው ነው። የዕውቀትና የሙዚቃ አምላክ የምትባለው ሳራስቫቲም በሥዕል ስትታይ መቀመጫዋ ሐንሳ ነው፤ አንዳንድ ጊዜም ጣዎስ ከአጠገቧ ይቆማል።

ሐንሳ ብቻውን አይደለም። የቪሽኑ መጓጓዣ የሆነው ጋሩዳ የእባቦች ጠላት ነው። በማሃባራታ እንደሚተረከው እናቱ ለእባቦች እናት ባሪያ ሆና ስለነበር፣ እርሷን ነጻ ለማውጣት የማይሞቱበትን መጠጥ ከአማልክት ዘንድ ቀምቶ አመጣ። በኡፓኒሻድ መጻሕፍት ውስጥ ደግሞ በአንድ ዛፍ ላይ ያረፉ ሁለት ወፎች አሉ፤ አንዱ ፍሬውን ይበላል፣ ሌላው ሳይበላ ይመለከታል። የሚበላው በኑሮ የተጠመደው ነፍስ ነው፤ የሚመለከተው ንጹሑ ነው ተብሎ ይተረጎማል። ጣዎስም የጦር አምላኩ የካርቲኬያ መቀመጫ ነው፤ ላባውም በክሪሽና አክሊል ላይ ይሰካል። ህንድ ይህንኑ ጣዎስ እ.ኤ.አ. በ1963 የአገሪቱ ብሔራዊ ወፍ አድርጋ መርጣለች።

ይህ ሁሉ ከወሎ ጋር ምን ያገናኘዋል? ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ሐይቅ የደረሰ ሰው መልሱን የሚጀምረው ከዚያ ነው። 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋትና እስከ 88 ሜትር የሚደርስ ጥልቀት ያለው ይህ ሐይቅ የውሃ ወፎች መናኸሪያ ነው። ቀድሞ ደሴት በነበረው፣ ዛሬ ግን ከየብስ ጋር በተያያዘው ስፍራ ላይ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ይገኛል። በ13ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ አባ ኢየሱስ ሞዐ በዚህ ገዳም ትምህርት ቤት አቋቁመው ኋላ በአገሪቱ ታሪክ ስማቸው የሚጠራውን ደቀ መዛሙርት አፍርተዋል። ከዚያ በፊት ግን እርሳቸው ራሳቸው የተማሩት በትግራይ ደብረ ዳሞ፣ ከአባ ዮሐኒ ዘንድ ነበር።

ደብረ ዳሞን ማንሣታችን በከንቱ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1940 በዚሁ አምባ ከመቶ የሚበልጡ የወርቅ ሳንቲሞች ተገኝተዋል፤ ሳንቲሞቹም በሰሜን ህንድና በመካከለኛው እስያ ይገዙ የነበሩት የኩሻን ነገሥታት ያስመቷቸው፣ ከገዳሙ መመሥረት በብዙ ዘመን የሚቀድሙ ናቸው። ኩሻኖች በሳንቲሞቻቸው ጀርባ የግሪክን፣ የኢራንን፣ የህንድን አማልክት ሳያዳሉ ይቀርጹ ነበር፤ የጣዎሱ ጌታ ካርቲኬያም በንጉሥ ሁቪሽካ ሳንቲሞች ላይ ከተቀረጹት አንዱ ነው። አዱሊስ ከህንድ ብረትና የጥጥ ጨርቅ ታስገባ እንደነበረ በአንደኛው መቶ ዘመን የተጻፈው የኤርትራ ባሕር መመሪያ ይናገራል። በሶቆጥራ ደሴት ሖቅ በተባለው ዋሻ ውስጥም በህንድ ፊደል ከተጻፉት እጅግ ብዙ ጽሑፎች ጎን የአክሱም ሰዎች የተዋቸው ጽሑፎች ተገኝተዋል። ህንዳዊውና አክሱማዊው መርከበኛ በአንድ ዋሻ ግድግዳ ላይ ስማቸውን ጽፈዋል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ግን ልጓም መያዝ ያስፈልጋል። አንዳንድ ጸሐፊ ሳንቲም ባየ ቁጥር ሃይማኖት ተሻገረ ይላል። ወርቅ ግን ወርቅ ነው፤ ነጋዴው የሚመዝነው ክብደቱን እንጂ በጀርባው ያለውን አምላክ አይደለም። የሂንዱ እምነት ወደ ደጋው ገብቶ ተከታይ አፈራ የሚያሰኝ ማስረጃ የለም። የተሻገረው ሌላ ነገር ነው፤ እርሱም ሥዕል፣ ተረትና ራሱ ወፉ ነው።

ስለ ተረቱ እንናገር። በግእዝ «ፊሳልጎስ» የሚባል መጽሐፍ አለ። ስለ አራዊት፣ ስለ አዕዋፍና ስለ ዕንቁ ድንጋዮች እየተረከ ለእያንዳንዱ መንፈሳዊ ትርጉም የሚሰጥ ነው። በአክሱም ዘመን ከግሪክኛ እንደተተረጎመ ሊቃውንት ይስማማሉ፤ ጀርመናዊው ፍሪትዝ ሆመል እ.ኤ.አ. በ1877 በላይፕዚግ አሳትሞታል። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ወፎቹ ሲቆጠሩ የህንድ ስም ደጋግሞ ይመጣል። ፊንክስ የህንድ ወፍ ነው፤ አምስት መቶ ዓመት ሲሞላው ክንፉን በሊባኖስ ሽቱ ሞልቶ ወደ ግብጽ፣ ወደ ፀሐይ ከተማ ይሄድና በመሠዊያው ላይ ተቃጥሎ ከአመዱ ይነሣል። እንደገናም በህንድ አገር አንድ ዛፍ አለ ይላል፤ ርግቦች በፍሬው ደስ እያላቸው በቅርንጫፉ ይኖራሉ፤ ዘንዶ ሊውጣቸው ይፈልጋል፣ ነገር ግን የዛፉን ጥላ ይፈራል። ጥላው ወደ ምዕራብ ሲዞር እርሱ ወደ ምሥራቅ ይሸሻል፤ ከጥላው የወጣች ርግብ ግን ትያዛለች። ዛፉ አብ፣ ፍሬው ወልድ፣ ጥላው መንፈስ ቅዱስ ነው ተብሎ ይተረጎማል።

ይህን ያነበበ ሰው ጋሩዳንና እባቦቹን፣ በአንድ ዛፍ ላይ ያሉትንም ሁለት ወፎች ማስታወሱ አይቀርም። ንጹሕ ወፍ፣ ዛፍ፣ እባብ፦ ሦስቱም በሁለቱም ወገን አሉ። ተረቱ በእውነት ከህንድ ወጥቶ ነው ወይስ የእስክንድርያ ጸሐፊ ሩቅና ድንቅ ለማለት «ህንድ» ብሎ ነው? እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ። በዚያ ዘመን «ህንድ» የሚለው ስም እጅግ ሰፊ ነበረ፤ ፍሬምናጦስ የመጣበትን የእኛኑ አገር ሩፊኖስ የተባለው የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊ ህንድ ብሎ ጽፎታል። እንግዲህ ግእዙን የሚያነብ የሐይቅ መነኩሴ ስለ ህንድ ርግቦች ሲያነብ፣ ግሪካዊው የአገሬው ሰው በተራው የመነኩሴውን አገር ህንድ ይለው ነበር ማለት ነው።

ከፊሳልጎስ ወፎች ሁሉ ለጉዳያችን የሚቀርበው ግን ካራድርዮስ የተባለው ነው። ሁለመናው ነጭ ነው፤ አንዲት ጥቁር ነጥብ የለበትም። በታመመ ሰው ፊት ሲያቀርቡት ሰውዬው የሚሞት ከሆነ ፊቱን ያዞራል፤ የሚድን ከሆነ ግን ትኩር ብሎ ያየውና ሕመሙን ወደ ራሱ ስቦ፣ ወደ ፀሐይ በርሮ በዚያ ያቃጥለዋል። ሐንሳ ንጹሕ የሆነው ስለሚለይ ነው፤ ካራድርዮስ ግን የሌላውን ርኩሰት ስለሚሸከም ነው። እነዚህ ሁለት የተለያዩ ሐሳቦች ናቸው፤ ሁለቱንም «ንጽሕና» ብሎ በአንድ ስም መጥራት ነገሩን ያደበዝዘዋል።

ሥዕሉን በአጭሩ እንለፈው። በአባ ኢየሱስ ሞዐ ዘመን የተጻፈውና የእርሳቸው ሥዕል ያለበት ወንጌል በሐይቅ እስጢፋኖስ ይገኛል፤ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1280 ወይም 1281 ነው። በኢትዮጵያ የወንጌል መጻሕፍት መጀመሪያ ላይ በቅስት የተከበቡ የቁጥር ሰንጠረዦች ይሣላሉ፤ ከቅስቶቹም በላይ ወፎች ይቆማሉ። ከእነዚህ መጻሕፍት ጥንታዊ የሆኑት የአባ ገሪማ ወንጌሎች በካርቦን ምርመራ እስከ 7ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ካለው ጊዜ ውስጥ የተመደቡ ናቸው። በምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ ለዚህ ቦታ ከሚመረጡት ወፎች አንዱ ጣዎስ ነው፤ ምክንያቱም የጣዎስ ሥጋ አይበሰብስም ተብሎ ስለሚታመን ነው። አውግስጢኖስ እንኳ በካርታጎ የተጠበሰ ጣዎስ ቀርቦለት፣ ቁራጭ አስቀምጦ፣ ከዓመት በኋላም አልሸተተም ብሎ ጽፏል። ወፉ የህንድ ነው፤ ትርጉሙ ግን በመንገድ ላይ የተለወጠ ነው። በህንድ የጦርና የውበት ወፍ የነበረው፣ በወንጌሉ ቅስት ላይ ሲያርፍ የትንሣኤ ምልክት ሆነ። ጣዎስን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ የደጋ ሠዓሊ ከቀደመው መጽሐፍ እየገለበጠ ሲሥለው፣ ጅራቱን አሳጥሮ፣ እግሩን አወፍሮ፣ የሚያውቀውን ዶሮ የሚያስመስልበት ጊዜ አለ። ይህን እንደ ስሕተት የሚቆጥሩ የሥዕል ተመራማሪዎች አሉ፤ ለእኔ ግን ስሕተት አይመስለኝም።

ከህንድ በርግጠኝነት የመጣ ተረት ካስፈለገ «በራላም ወይዋስፍ» አለ። በትውልድ የየመን ሰው የነበሩት፣ ኋላም የደብረ ሊባኖስ እጨጌ የሆኑት አባ ዕንባቆም እ.ኤ.አ. በ1553፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የመለሱት ነው። የህንድ ንጉሥ ልጅ ከቤተ መንግሥት ወጥቶ ሲመንን የሚተርከው ይህ መጽሐፍ መሠረቱ የቡድሃ ታሪክ ነው፤ «ይዋስፍ» የሚለውም ስም «ቦዲሳትቫ» ከሚለው የህንድ ቃል በዐረብኛ በኩል እየተለዋወጠ የመጣ ነው። እዚያ ውስጥ አንዲት ትንሽ ወፍ በአዳኝ ተይዛ ሦስት ምክር ትሰጣለች፦ የማይገኘውን አትመኝ፣ ባለፈው አትጸጸት፣ የማይታመነውን አትመን። ከለቀቃትም በኋላ ሆዴ ውስጥ የሰጎን እንቁላል የሚያህል ዕንቁ ነበረ ብላ ትፈትነዋለች፤ አዳኙ ሦስቱንም ምክሮች በአንድ ጊዜ ይረሳል።

አሁን ወደ ገበያው እንመለስ። ከህንድና ከእስያ ወገን ወደ እኛ ከመጡት ወፎች ሁሉ እውነተኛው እንግዳ በቅስት ላይ ያለው ጣዎስ አይደለም፤ በኮምቦልቻ ገበያ እግሩን ታስሮ የተኛው ዶሮ ነው። የዶሮ ዘር የተገኘው ከደቡብ ምሥራቅ እስያ የጫካ ዶሮ ነው። በትግራይ መዝብር በተባለው ስፍራ የተገኙ የዶሮ አጥንቶች፣ እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመው ጥናት መሠረት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ800 እስከ 400 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ የተመደቡ ናቸው። ይህም ወፉ ወንጌልም ቁርኣንም ከመድረሳቸው በፊት በዚህ አገር ይጮኽ እንደነበር ያመለክታል።

በህንድም ቢሆን የዶሮ ነገር አንድ ወጥ አይደለም። በማኑ ሕግ የመንደር ዶሮ ከነጭ ሽንኩርትና ከቀይ ሽንኩርት ጋር ተቆጥሮ ለላይኞቹ መደቦች የተከለከለ ነው፤ ያው ዶሮ ግን በካርቲኬያ ሰንደቅ ዓላማ ላይ ተሥሎ ይከበራል። በእኛም አገር እንዲሁ ነው። ለፋሲካ በእልልታ የሚገባው ዶሮ ሌላ ጊዜ በታመመ ሰው ራስ ላይ ተዙሮ፣ ማንም ሳያይ መስቀለኛ መንገድ ላይ ይጣላል። የዛር ባለቤት የሆነም ሰው «የተጠየቀው» ቀለም እስኪገኝ ድረስ እረፍት የለውም፤ ለአንዱ ቀይ፣ ለሌላው ገብስማ፣ ለሌላው ነጭ ነው። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1932 በጎንደር ተቀምጦ የዛርን ሥርዓት ሲመዘግብ የዶሮ ደም በዚያ ሥርዓት ውስጥ ያለውን ስፍራ በዝርዝር ጽፏል። በወሎም ልማዱ ከሃይማኖት ድንበር በላይ ነው፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ያደርገዋል፤ ቄሱም ሼኹም ይከለክላሉ።

ዙሮ የሚጣለው ዶሮ ካራድርዮስን ያስታውሳል፤ ይበልጥ ደግሞ ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 14ን ያስታውሳል። ከለምጽ የነጻ ሰው ሁለት ንጹሓን ወፎች ያመጣል፤ አንደኛው ይታረዳል፣ ሁለተኛው በታረደው ደም ተነክሮ ወደ ሜዳ ይለቀቃል። ርኩሰቱ ከወፉ ጋር ይበርራል። ነገር ግን ዶሮ አይበርርም፤ ልዩነቱም እዚህ ላይ ነው። የኦሪቱ ወፍ ርኩሰቱን ወደ ሰማይ ይዞ ሲሄድ፣ የመስቀለኛ መንገዱ ዶሮ እዚያው ይቀራል፤ ያገኘውም አላፊ አግዳሚ ሕመሙን ይወስዳል ተብሎ ይፈራል። ንጽሕናው የተገኘው ጎረቤትን በማርከስ ነው ማለት ነው። ተው የሚሉት የሃይማኖት አባቶች ምክንያታቸው ሌላ ቢሆንም፣ በዚህ ነጥብ ብቻ እንኳ እውነት አላቸው።

በወሎ አንድ ወፍ ሁለት መጻሕፍት አሉት። ራሱ ላይ ጉትዬ ያለው፣ በደሴ ጓሮዎች መሬት እየጫረ የሚታየው ጅንጁላቴ በኦሪት ከማይበሉት ርኩሳን ወፎች ጋር ተቆጥሯል። በቁርኣን ግን፣ በ27ኛው ሱራ፣ ሁድሁድ ተብሎ ለነቢዩ ሱለይማን የሳባን ንግሥት ወሬ የሚያመጣው እርሱ ነው፤ እንዳይገደል የሚከለክልም ሐዲስ አለ። በአንድ ግቢ አጥር ላይ ያረፈውን ይህን ወፍ የሁለት ጎረቤታሞች ልጆች አንዱ «አይነካም» ሲል ስለ ርኩሰቱ፣ ሌላው «አይነካም» ሲል ስለ ክብሩ ነው፤ ወፉ በሁለቱም ዘንድ ይተርፋል። ቁራም ከኖኅ መርከብ ወጥቶ ባለመመለሱ «የቁራ መልእክተኛ» የሚል ስም አትርፎልናል፤ ርግብ ግን የወይራ ቅጠል ይዛ ተመለሰች፣ በዮርዳኖስም የመንፈስ ቅዱስ አምሳል ሆና ታየች። የሰማዕታት ነፍሳት በአረንጓዴ ወፎች ውስጥ ያርፋሉ የሚለውም ሐዲስ ነፍስንና ወፍን እንደ ሐንሳ አንድ ላይ ያስኬዳል።

እስካሁን ያልነው ሁሉ ስለ ወፍ ይመስላል፤ ጉዳዩ ግን የሰው ነው። ወተትን ከውሃ የሚለየው ሐንሳ ውብ ምሳሌ ነው። ይህንኑ የመለየት ሐሳብ ሰው በሰው ላይ ሲያውለው ግን የተወለደው የማይነኩ የሚባሉት ሰዎች መደብ ነው። ቆዳ የሚያለፋው፣ ቆሻሻ የሚጠርገው ሰው ጥላው እንኳ ያረክሳል ተብሎ ከጉድጓዱ ውሃ ተከለከለ። የህንድ ሕገ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1950 ጀምሮ በ17ኛው አንቀጹ ይህን ሕገ ወጥ አድርጎታል። ሕገ መንግሥቱን ያረቀቀውን ኮሚቴ የመሩት፣ ከዚያው ከተናቀው መደብ የተወለዱት አምቤድካር ግን በሕጉ ብቻ አልረኩም፤ እ.ኤ.አ. በ1956 ከብዙ መቶ ሺህ ተከታዮቻቸው ጋር የሂንዱን እምነት ትተው ወጡ።

እኛም ከዚህ የራቅን አልነበርንም። ብረት የሚቀጠቅጠው «ቡዳ»፣ ቆዳ የሚያለፋው «ፋቂ»፣ ሸማ የሚሠራው «ቁጢት በጣሽ» እየተባለ፣ ጋብቻውም ማዕዱም ተለይቶበት ኖሯል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያ እንዳይሰደብ አዋጅ አስነግረዋል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅም አርሶ ለመኖር ለፈለገ ሁሉ የመሬት መብት ሲሰጥ፣ ርስት ያልነበረውን ባለ እጅ አልለየም። ስድቡ ግን ከአዋጁ ይልቅ ዕድሜው ረዝሟል፤ በትምህርት ቤት አጥር ውስጥ ሳይቀር ሲሰማ የኖረ ነው። መምህራን ይህን ያውቁታል።

በበዓል ቀን በደሴ ጎዳና ላይ ቢቆሙ ነጩ ነጠላ እንደ ርግብ መንጋ ሲያልፍ ይታያል። ለጥምቀት የሚለበሰው ነጭ ነው፤ ለጁምዓ የሚለበሰው ነጭ ነው፤ ክርስቲያኑ የሚገነዝበት፣ ሙስሊሙም የሚከፈንበት ጨርቅ ነጭ ነው። ጥጡን የምትፈትለው እናት ጨርሳ ድሩንና ማጉን ለሸማኔው ትሰጣለች። እርሱም እግሮቹን ወደ ጉድጓዱ አውርዶ፣ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ እየላከ፣ ሲመሽ የሠራውን ጠቅልሎ ያስረክባል።